በባሕር ዳር ሳሎን የሚኖር ሞሬይ ምግብ ሲተው፦ የአንድ ጉዳይ ጥናት

ባሕር ዳር ውስጥ፣ አንድ ቤት ሳሎን ላይ፣ 450 ሊትር የሚይዝ የጨው ውኃ አኳሪየም አለ። የሚኖርበት አንድ እንስሳ ብቻ ነው፤ ስኖውፍሌክ ሞሬይ። እባብ የሚመስል፣ ግን ዓሣ የሆነ አዳኝ። አምና በዐቢይ ጾም አጋማሽ ይህ ዓሣ ምግብ ተወ። ለሳምንታት አፉ ላይ ምንም አልነካም። ባለቤቱ ጨነቃቸውና ጠሩኝ።

ስማቸውና ሰፈራቸው እንዳይጠቀስ እንጂ ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። እኔ ሁሌም ጋሼ ነው የምላቸው፣ እዚህም እንደዚያው እላለሁ። ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፍበት ምክንያት አለኝ። ስለ ሞሬይ አያያዝ የሚነገረው ምክር ሁሉ ሦስት ነገር እንዳለ አድርጎ ይነሣል። ቤትህ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም፣ መብራትህ አይጠፋም፣ የባሕር ምግብ ሱቅ ደጅህ ላይ አለ። ጎጃም ውስጥ ሦስቱም የሉም። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ገበያው ላይ ያለው ዓሣ ሁሉ የጣፋጭ ውኃ፣ ማለትም ጨው የሌለው ውኃ፣ ዓሣ ነው። እንግዲህ ባሕር በሌለበት አገር የባሕር አዳኝ መያዝ ማለት እነዚህን ሦስቱን በእጅ መተካት ማለት ነው። አንዱ ከጎደለ እንስሳው ይከፍላል።

እንስሳው

ስኖውፍሌክ ሞሬይ በሳይንስ ስሙ ኤኪድና ኔቡሎሳ ይባላል። በቀይ ባሕር፣ በሕንድና በሰላማዊ ውቅያኖሶች ኮራል መካከል ይኖራል። ነጣ ባለ ገላው ላይ ጥቁር አበባ የመሰሉ ምልክቶች ተረጭተውበታል፤ በአበቦቹ መሐል ቢጫ ነጠብጣብ አለ። በተፈጥሮ ባሕር እስከ 1 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ አኳሪየም ውስጥ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል። የጋሼው ያን ጊዜ 55 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር።

የጋሼ እናት እማሆይ ከአዴት መጥተው መጀመሪያ ሲያዩት ሳሎን አልገባም ብለው ነበር። «ኧረ ተው ልጄ! እባብ ከነነፍሱ ሳሎን ታኖራለህ?» አሉ። የልጅ ልጃቸው፣ የ8ኛ ክፍል ተማሪዋ፣ እጃቸውን ይዛ አስጠጋቻቸው። «እማሆይ፣ ዓሣ እኮ ነው። እንደ አምባዛ ቅርፊት የለውም እንጂ» አለቻቸው። ልክ ናት። አምባዛን ቅርፊት የለውም ብሎ የማይበላ ሰው በእኛ አካባቢ ብዙ ነው፣ ስለዚህ እማሆይ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ቅርፊት አልባ መሆኑ ግን ለጠባቂውም ትልቅ ቁም ነገር ነው። ገላውን የሚጠብቀው ልጋግ ብቻ ነው። ለሌሎች ዓሦች በሽታ የሚታዘዘው የመዳብ መድኃኒት ሞሬይን ሊጎዳው ይችላል።

አፉን ከፈት ዘጋ የሚያደርገው ለማስፈራራት አይደለም። እየተነፈሰ ነው። በአፉ ውኃ ይስባል፣ ኦክስጅኑን ያስቀራል፣ ውኃውን ከራሱ ኋላ በግራና በቀኝ ባሉ ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች ያስወጣል። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

ዓይኑ ደካማ ነው። የሚያድነው በማሽተት ነው። ከአፉ ጫፍ ላይ ሁለት ትንንሽ ቱቦዎች ወጥተው ይታያሉ፣ አፍንጫዎቹ ናቸው። ጥርሱ ደግሞ ምን እንደሚበላ ይነግራችኋል። ብዙዎቹ ሞሬዮች መርፌ የመሰለ ጥርስ አላቸው፤ ዓሣ በልተው የሚያድሩ ናቸው። የስኖውፍሌክ ጥርስ ግን ደንዘዝ ያለ፣ ጠጠር የመሰለ ነው። የሸርጣንና የሽሪምፕ ቅርፊት ለመጨፍለቅ የተሠራ ነው። የጋሼ ችግር ግማሹ እዚህ ጥርስ ላይ ተጽፎ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን ሁሌም ይገርመኛል። ሞሬይ ጉሮሮው ውስጥ ሁለተኛ መንጋጋ አለው። ከፊት ያለው መንጋጋ ሲነክስ የኋላው ወደ ፊት ተስፈንጥሮ ይመጣል፣ ያደነውን ይዞ ወደ ውስጥ ይጎትታል። ይህን ሪታ ሜህታና ፒተር ዌይንራይት የተባሉ ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. አሳዩ። ይህን ስነግራቸው ጋሼ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። የጣናው ነጭ ዓሣም እኮ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። አፉን ከፍታችሁ ብታዩ አንድ ጥርስ አታገኙም። ሆኖም ከጣና ትላልቅ ነጭ ዓሦች ውስጥ 8 ዓይነቶቹ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚኖሩ ናቸው። ልዩነቱ የነጭ ዓሣው ጥርስ ባለበት ሆኖ ያደቅቃል፣ የሞሬዩ ግን ወጥቶ ይጎትታል።

የሆነው

ጋሼ ሞሬዩን ያስመጡት ከዱባይ ነው። ፈቃዱን ለማግኘት ብዙ ተመላልሰዋል። ገንዳውን በወጉ አዘጋጅተው፣ ፊልተሩ የዓሣውን ቆሻሻ የሚሰባብር ባክቴሪያ እስኪይዝ ወራት ጠብቀው ነው ዓሣውን ያስገቡት። ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን ከእርሱ ጋር የመጣ በረዶ የያዘ ሽሪምፕ ነበር። እሱ ሲያልቅ ከጣና ዳር የቆሮሶ (ቲላፒያ) ፊሌቶ መግዛት ጀመሩ። ሞሬዩ ወደደው። ከረጅም መቆንጠጫ ጫፍ ላይ ላፍ እያደረገ ይወስድ ነበር።

ከዚያ ጾሙ ገባ። በጾም ባሕር ዳር ዓሣ እንዴት እንደሚፈለግ የከተማው ሰው ያውቃል። ዋጋው ሰማይ ወጣ፣ ጥሩ ፊሌቶም በሰዓቱ ካልደረሱ የለም። ጋሼ መላ ፈጠሩ። ሐይቁ ዳር ልጆች ትንንሽ ዓሣ ይይዛሉ፣ ጣት የሚያካክሉ፣ ብርማ። ከእነሱ በርከት አድርገው ገዝተው ፍሪዘር ውስጥ ከተቱ። ሞሬዩ እነዚህንም በላ። እንዲያውም ሙሉ ዓሣ በመሆኑ ከፊሌቶ ይሻላል ብለው አሰቡ፤ አጥንቱም፣ ሆድ ዕቃውም አለው። የሚያስኬድ ሐሳብ ነው።

በዚያው ሰሞን ሙቀቱ መጣ። የመጋቢትና የሚያዝያ ባሕር ዳር ሳሎን ውስጥም ያልባል። የገንዳው ውኃ 29 ዲግሪ ነካ። መብራትም ሌሊት ሌሊት መጥፋት አበዛ።

አንድ ሌሊት ሞሬዩ በፊልተሩ ቱቦ ማስገቢያ ሾልኮ ወጥቶ ወለል ላይ ተገኘ። እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ ለጸሎት ተነሥተው ነው ያዩት። በእርጥብ ፎጣ አፍሰው መለሱት፣ ተረፈ። ሞሬይ ማምለጥ የታወቀበት ነው። ይህ ዓይነቱ ሞሬይ ከውኃ ወጥቶም ያደነውን መዋጥ እንደሚችል ሜህታና የሥራ ባልደረባዋ በ2021 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል፤ ዓሦቹን ከውኃ ወደ ወጣ መወጣጫ እየመጡ እንዲበሉ አሠልጥነው። ስለዚህ ለእሱ ከውኃ መውጣት ብርቅ አይደለም። ጋሼ ከዚያ ቀን በኋላ ገንዳውን በወፍራም መስታወት ከደኑት፣ ክፍተቱን ሁሉ በሲሊኮን ደፈኑት። የውኃ ፓምፑም ውኃውን ከላይ እንዳያንቦጫርቅና ጨው እንዳይረጭ ወደ ታች አዞሩት።

ከዚያ በኋላ ነው ምግብ የተወው።

ደብተሩ

እኔ ስደርስ ሁሉም የሚያወራው ስለ ምግቡ ነበር። «ምን እንስጠው?» ነው ጥያቄው። ጋሼ ትንንሽ ዓሣ በሕይወቱ ሊለቁለት አስበው ነበር። የልጅቷን ደብተር ያየሁት በዚህ መሐል ነው። ተራ የትምህርት ቤት ደብተር ነው፣ በየቀኑ ጽፋበታለች። ምን በላ፣ ስንት ሰዓት፣ የት ተኛ። ማንም አላዘዛትም፣ ወድዳው ነው።

ደብተሩ ላይ ምግብ ከመተዉ በፊት ካሉት ቀኖች ሁለት ነገር ጎልቶ ይወጣል። አንደኛው እንዲህ ይላል፦ «ጠዋት አፉን ቶሎ ቶሎ ይከፍታል። ማታ ደህና ነው።» ይኼ በተለያየ ቀን ተደጋግሞ ተጽፏል። ሁለተኛው ትንሽ ቆይቶ የመጣ ነው፦ «ሲዋኝ ራሱን ወደ ጎን ያዘነብላል። ይንቀጠቀጣል።»

እነዚህ ሁለቱ አንድ በሽታ አይደሉም። የጠዋቱ ትንፋሽ ስለ ውኃው ነው የሚናገረው። መንቀጥቀጡ ደግሞ ስለ ሰውነቱ። ለእኔ ምርመራው ሁለት መስመር የያዘው እዚህ ላይ ነው።

ውኃውን ለካን። ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያ የለም፣ ናይትራይት የለም። ናይትሬቱ ከፍ ብሏል፣ ግን ሞሬይ ይችለዋል። ጨውነቱ በሪፍራክቶሜትር፣ በጨው መለኪያው፣ በሊትር 35 ግራም አካባቢ ነው፣ የባሕሩ ልክ። እዚህ ላይ ጋሼን አመሰግናቸዋለሁ። የአኳሪየም ጨው ሲያልቅባቸው የገበያ ጨው ቀላቅሉበት ያላቸው ሰው ነበር፣ እሳቸው እምቢ አሉ። የአፍዴራ ጨው ለወጥ ነው የተሠራው። የባሕር ውኃ ግን ከሶዲየምና ከክሎራይድ ሌላ ማግኒዥየም በሊትር 1,300 ሚሊ ግራም ገደማ፣ ካልሲየም 400 ገደማ፣ ሰልፌትና ፖታሲየምም በልኩ ይይዛል። በማንኪያ የሚለካ የወጥ ጨው ይህን አይሰጥም። ምላስ ላይ ተመሳሳይ ቢሆንም ለዓሣው ተመሳሳይ አይደለም።

ያልታየው እጥረት፦ አየር

ቀጥሎ ኦክስጅን። መለኪያውን ከወዳጅ ተውሼ፣ ሊነጋጋ ሲል መብራት ሳይበራ ነው የለካነው። በሊትር ከ4 ሚሊ ግራም በታች ነበር።

ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ቀስ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም የጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ላይ የጨው ውኃ ዓሣ የሚይዝ ሰው ሁሉ ይመለከተዋል። 26 ዲግሪ የሆነ የባሕር ውኃ በባሕር ጠረፍ ከአየር ጋር ሲገናኝ በሊትር 6.6 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ከዚያ በላይ ከአየር መውሰድ አይችልም። ባሕር ዳር ግን የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ 80 በመቶ ቢሆን ነው። ስለዚህ ያው ውኃ፣ በያው ሙቀት፣ እዚህ ቢበዛ 5.3 አካባቢ ነው የሚይዘው። ሙቀቱ 29 ሲደርስ ወደ 5 ይወርዳል። ጨው ራሱ ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ቆሮሶ የሚኖርበት የጣና ውኃ በተመሳሳይ ሙቀት ከዚህ የተሻለ ይይዛል። ማለትም ጋሼ ምንም ሳያጠፉ፣ ገና ከመነሻው ከሌላው ዓለም ሞሬይ ጠባቂ አንድ አምስተኛ ያህል ጎድሎባቸዋል።

አሁን በዚህ ላይ ክዳኑን ጨምሩበት። በሲሊኮን የተደፈነ መስታወት አየሩን ከውኃው ፊት ይለያል። ፓምፑ ወደ ታች ስለዞረ የውኃው ፊት እንደ ዘይት ረግቷል። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑ ራሱ ይቆማል። የፊልተሩ ባክቴሪያዎች ግን አይተኙም፣ እነሱም ኦክስጅን ይወስዳሉ። ሞሬዩ የተጠበቀው እንዳያመልጥ ነው፣ የተጠበቀበት ክዳን ግን እያፈነው ነበር። ጠዋት ጠዋት አፉን ቶሎ ቶሎ የሚከፍተው ለዚህ ነው። ማታ ደህና የሚሆነውም መብራት ሲመለስ ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ስለሚሠራ ነው።

ኦክስጅን ያጠረው ዓሣ አይበላም። ምግብ መፍጨት ራሱ ኦክስጅን ይፈልጋል። ሰውነቱ ያንን ወጪ አይከፍልም።

መስታወቱን አነሣነው። በምትኩ ጋሼ ራሳቸው ከቀጭን የውኃ ቱቦ ፕላስቲክ አራት ማዕዘን ሠሩ። በላዩ ጠንካራ የፕላስቲክ መረብ ወጠሩ፣ ዙሪያውን በዓሣ ማጥመጃ ክር ሰፉት። ብረት አልተጠቀሙም፤ ጨው ይበላዋል፣ ዝገቱም ወደ ውኃው ይገባል። የትንኝ መረብም አይሆንም፤ ሞሬይ በአፍንጫው እየገፋ ይበሳዋል። የመረቡ ዓይን ከሞሬዩ ጭንቅላት በብዙ ይጠባል። ቱቦ የሚገባበትን ቀዳዳ በስፖንጅ ጠቀጠቅነው። በአራቱ ማዕዘን ከበድ ያለ ድንጋይ ተቀመጠ። እማሆይ ድንጋዮቹን ሲያዩ ደስ አላቸው።

ፓምፑን ወደ ላይ መለስነው፣ የውኃው ፊት እስኪንቀጠቀጥ። የሚረጨውን ጨው እትዬ በየጊዜው በጨርቅ ይጠርጉታል። ለመብራቱ ደግሞ በፓወር ባንክ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ተገዛ። መብራት ሲጠፋ ማን ይሰካዋል የሚለው ነው የከበደው፣ ሌሊት ሰው ይተኛል። መጨረሻ ላይ አየሩ ሁልጊዜ እንዲሠራ ተወሰነ። ፓወር ባንኩ መብራት ሲኖር ይሞላል፣ ሲጠፋ ከራሱ ይሰጣል። ይህን ከመግዛታችሁ በፊት ፓወር ባንኩ እየተሞላ መስጠት የሚችል መሆኑን አረጋግጡ፣ ሁሉም አይችልም።

ከዚያ በኋላ የንጋቱ ልኬት ወደ 5 ተጠጋ። በቀናት ውስጥ የሞሬዩ ትንፋሽ ረገበ። ምግብ ግን አሁንም አልነካም። አንገቱም እንደዘነበለ ነው።

የበላ ሁሉ አልጠገበም

ፍሪዘር ውስጥ የነበሩትን ትንንሽ ዓሦች አውጥተን አንዱን ኩሽና ላይ ሰነጠቅነው። ከሆዱ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ረጅም ትል ወጣ። የዓሣውን ሆድ ሞልቶታል። ጋሼ ክው አሉ፤ ይኸው በሽታው ብለው። ትሉ ሊጉላ የሚባል ነው፣ ባርብ በሚባሉት በእነዚህ የጣና ትንንሽ ዓሦች ላይ በጥናት የታወቀ ነው። ከዓሣው ወደ ዓሣ በል ወፍ እየተላለፈ የሚኖር ትል ነው፤ ፍሪዘርም ገድሎታል። ሞሬዩን ያሳመመው እሱ አይደለም።

ትሉ ዓይን ስለሚስብ ዋናውን ነገር ሊያስረሳን ነበር። ዋናው ነገር ዓሣው ራሱ ነው። ጣና ውስጥ ከቆሮሶና ከአምባዛ ውጭ ያለው ዓሣ ከሞላ ጎደል የካርፕ ቤተሰብ ነው። ነጭ ዓሣም፣ እነዚህ ጣት የሚያካክሉት ባርቦችም። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ያሉ ብዙ ዓሦች ታያሚኔዝ የሚባል ኢንዛይም አላቸው። ቫይታሚን ቢ1ን ይሰባብራል። ዓሣው ጥሬውን ሲሰጥ፣ በተለይ ከነሆድ ዕቃው፣ ኢንዛይሙም አብሮ ይሰጣል። ፍሪዘር አያጠፋውም፤ የሚያጠፋው እሳት ነው። የዚህ ዓይነት ዓሣ ብቻ ለረጅም ጊዜ የበላ እንስሳ ቢ1 ያጥረዋል። ምልክቱ ምንድን ነው? ምግብ መተው። ሚዛን ማጣት። መንቀጥቀጥ። ደብተሩ ላይ የተጻፈው በሙሉ።

ሌላም አለ። የጣፋጭ ውኃ ዓሣ ስብ ከባሕር ምግብ ስብ የተለየ ነው፤ የባሕር አዳኝ የለመዳቸው ረጃጅም የኦሜጋ 3 ስቦች ያንሱታል። የቆሮሶ ፊሌቶም ብቻውን ምግብ አይሆንም። ነጭ ሥጋ ነው፤ አጥንት የለው፣ ጉበት የለው፣ ቅርፊት የለው። ይህ ሞሬይ ደግሞ፣ ከላይ እንዳልኩት፣ ጥርሱ ለሸርጣንና ለሽሪምፕ የተሠራ ነው። ወራቱን ሁሉ ደስ ብሎት ሲበላ የኖረው የእሱ ያልሆነ ምግብ ነበር። በጉጉት ስለበላ ደህና ነው ማለት አይቻልም። አዳኝ እንስሳ የቀረበለትን ይወስዳል፣ ምርጫው የጠባቂው ነው።

በሕይወት ያለ ዓሣ የመልቀቁን ሐሳብ አጥብቄ ተቃወምኩ። የታመመን ሞሬይ ሊነክሱት ይችላሉ፣ ሳይበሉ ሲሞቱ ውኃውን ያበላሹታል፣ የሚለቀቁትም እነዚያው ባርቦች ናቸው።

ሽሪምፕና ስኩዊድ ከአዲስ አበባ መጣ። የጋሼ ወንድም በአረፋ ሣጥን በረዶ አድርጎ በአውሮፕላን ላከው፤ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና በደብረ ማርቆስ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፣ የዓባይን በረሃ ሲያልፍ በረዶ አይቆይም። ሽሪምፑ ጥሬ፣ ከነቅርፊቱ፣ ያልተቀመመ መሆን አለበት። የታሸገ ቱና አይሆንም፤ ዘይትና ጨው ተጨምሮበታል።

ቢ1 ከፋርማሲ ተገዛ፣ ተራ ክኒን። ዓሣ በል እንስሳትን የሚጠብቁ ሰዎች የሚጠቀሙበት የተለመደ መጠን ለ1 ኪሎ ምግብ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ሽሪምፕ ግን 20 ግራም ቢሆን ነው፤ የሚያስፈልገው ከ1 ሚሊ ግራም አይበልጥም። ልጅቷ ባለ 100 ሚሊ ግራም ክኒኑን በማንኪያ ጀርባ ፈጭታ በወረቀት ላይ ዘረጋችው። በቢላ ጫፍ መቶ ቦታ ለመክፈል ሞከረች፣ ከዚያ በቁንጥር ረካች። ቢ1 ትንሽ ቢበዛ ጉዳት የለውም፣ በውኃ ይሟሟል። ለዚህም ነው ውኃ ውስጥ ከመጨመር ምግቡ ውስጥ መክተት የሚሻለው። የሽሪምፑን ሆድ ሰንጥቃ ዱቄቱን ከታ ዘጋችው።

ታዲያ የማይበላን ዓሣ እንዴት ያበሉታል? በኃይል የለም። ጨለማ፣ ጸጥታና ሽታ ነው መድኃኒቱ። ሲመሽ የሳሎኑ መብራት ጠፋ፣ ቴሌቪዥኑም። በረዶ የቀለጠበት የሽሪምፕ ውኃ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ከሚተኛበት ቱቦ አፍ ላይ ጠብ ጠብ ተደረገ። ሽሪምፑ በረጅም የፕላስቲክ መቆንጠጫ ተይዞ ከቱቦው ፊት ቆመ። እጅ ወደ ውስጥ አይገባም፣ መቼም። ሞሬይ የሽሪምፕ ሽታ ያለበትን ጣት ከሽሪምፕ አይለይም። ካልወሰደ ምግቡ ይወጣል፣ በማግስቱ ሳይሆን ቀን ተዘልሎ ይሞከራል። የረሃብ ጊዜውን ሞሬይ ይችላል፤ ሳምንታት ያለ ምግብ መቆየት ለእሱ ያልተለመደ አይደለም። የሚበሰብስ ሽሪምፕ ግን ውኃውን በአንድ ሌሊት ያበላሻል።

ለጥቂት ጊዜ እምቢ አለ። አንድ ምሽት ግን እነዚያ ሁለት ቱቦ አፍንጫዎች ከጨለማው ብቅ አሉ። ራሱን ግራ ቀኝ አወዛወዘ። ሽሪምፑን በጎኑ ነካ አደረገው፣ ተመለሰ፣ እንደገና መጣ። ከዚያ ነከሰ። ቅርፊቱ ሲደቅቅ በመስታወቱ በኩል ይሰማ ነበር። ትንሽ ቆም አለና ሽሪምፑ በአንድ ጊዜ ግማሹ ወደ ውስጥ ተሳበ፤ የኋላው መንጋጋ ሥራውን ሲሠራ በዓይናችን አየን። ልጅቷ «በላ! በላ!» እያለች እማሆይን ልትጠራ ሮጠች።

ሁለቱን ነገር፣ አየሩንና ምግቡን፣ በተከታታይ ስላስተካከልን የየራሳቸው ድርሻ በመጠኑ ይለያል። ትንፋሹ የረገበው ክዳኑ በተነሣ በቀናት ውስጥ ነው። ማዘንበሉና መንቀጥቀጡ ግን የጠፉት ቢ1 ያለበት ሽሪምፕ መብላት ከጀመረ በኋላ፣ ቀስ እያለ ነው። የእኔ ፍርድ ሁለቱም እውነተኛ ጉዳቶች ነበሩ የሚል ነው። ክዳኑ ብቻ ተነሥቶ ባርቡ ቢቀጥል ኖሮ እንስሳው ይሞት ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን

ሞሬዩ አሁን በሳምንት ሁለቴ ወይም ሦስቴ ይመገባል። ሽሪምፕ ከነቅርፊቱ ዋናው ነው፣ ስኩዊድ በመሐል። ቢ1 በሳምንት አንዴ። ከወንዝ የሚመጣ ሸርጣን አልፎ አልፎ ይሰጠዋል፤ መጀመሪያ ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል፣ ፀረ ተባይ ከሚረጭበት እርሻ ግርጌ ካለ ወንዝ ግን አይወሰድም። ቆሮሶ ጨርሶ አልተከለከለም፣ ሽሪምፕ ሲዘገይ በመሐል ይገባል። ባርብና ነጭ ዓሣ ቀርተዋል።

ጋሼ ዘንድሮ ጾም ከመግባቱ በፊት ለሁለት ወር የሚሆን ሽሪምፕ አስመጥተው ፍሪዘር ሞሉ። መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ከጠፋ ፍሪዘሩም እንደሚቀልጥ ስለገባቸው ከፊሉን ጄኔሬተር ያለው ዘመድ ቤት አስቀምጠዋል። በሙቀቱ ወራት ማራገቢያ በውኃው ፊት ላይ ያዞራሉ። ውኃው ትንሽ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎም ይተናል። የሚተነው ውኃው ብቻ ስለሆነ የጎደለውን የሚሞሉት ጨው በሌለው ውኃ ነው። የቧንቧ ውኃም ክሎሪኑ በማጥፊያ ሳይወገድ አይገባም።

በቅርቡ ሁለተኛ ሞሬይ ልጨምር ወይ ብለው ጠየቁኝ። በ450 ሊትር፣ በዚህ ከፍታ፣ በዚህ መብራት፣ አይሆንም አልኳቸው። ልጅቷም ደብተሩን ይዛ ከጎኔ ቆማ «አባ፣ አየሩ ለአንዱም ገና አሁን ነው የበቃው» አለቻቸው። ጋሼ ሐሳቡን ትተው አሁን የሚያሰሉት ከቤቱ ጣሪያ ላይ ለፓምፖቹ ብቻ የሚሆን የሶላር ፓኔል ስለ መትከል ነው።